30 ኮምፒውተር ልንገዛ ነው፤ አቅራቢውን በምን እንምረጥ?

የጠባሴ ወላጅ (ሰኞ፣ ማታ 3:10)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ ደብረ ብርሃን አንድ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ። ትምህርት ቤቱ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉት 30 ኮምፒውተር ሊገዛ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ኤክሴል ብቻ ነው። «አንተ ቁጥር ትችላለህ» ተብዬ ነው የግዢ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት።

መጀመሪያ ያለንን ልንገራችሁ። ክፍሉ ውስጥ 22 ኮምፒውተር አለ። ባለፈው ሳምንት ገብቼ አንድ በአንድ አበራሁ። የተነሡት 7 ናቸው። ከሰባቱ ሁለቱ በበሩ ቁጥር ቀኑን ወደ ድሮ ይመልሱታል። የማይሠሩት 15ቱ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ጨርቁ ታጥቦ ተተኩሷል። የሸጠልን ሰው ስልክ ዝግ ነው። ሱቁ የነበረበት ፎቅም ፈርሷል አሉ።

አሁን ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበናል። አንደኛው ከአዲስ አበባ፣ ስላይትሊ ዩዝድ፣ የ6 ወር ዋስትና፣ ዋጋው ትንሹ። ሁለተኛውም ከአዲስ አበባ፣ አዲስ ከነካርቶኑ፣ የ1 ዓመት ዋስትና፣ ዋጋው እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው። ሦስተኛው እዚሁ ከተማ ያለ ትንሽ የጥገና ቤት ነው። እሱም ያገለገለ ነው የሚያቀርበው። ከአንደኛው በ12 በመቶ ይወደዳል፣ ግን «የሁለት ዓመት ጥገና አብሬ» ይላል። ፕሮፎርማው በእጅ የተጻፈ ስለሆነ ኮሚቴው ብዙም አልወደደውም።

የሁሉም ዓይን አንደኛው ላይ ነው። እኔ ግን ያ የተተኮሰ ጨርቅ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ምን ብዬ ልጠይቃቸው?


ካቻቢቴ (ሰኞ፣ ማታ 4:02)

ወንድሜ፣ በዚህ ሥራ 11 ዓመቴ ነው። ለትምህርት ቤት ሸጫለሁ፣ ጠግኛለሁ፣ ተሰድቤያለሁም። ከሻጩ ወገን ያለውን ልንገርህ።

የዋስትና ወረቀቱን ገልብጠህ ጀርባውን አንብብ። «ከመብራት ችግርና ከአያያዝ ጉድለት በስተቀር» ይላል? ሁሉም ይላል። እንግዲህ እኛ አገር ኮምፒውተር በምንድነው የሚሞተው? መብራት ይሄዳል። ሲመለስ ዘሎ ይመለሳል፣ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ መብራት የሚያቀብለውን ክፍል) ይዞት ይሄዳል። ከትምህርት ቤት ተሸክመው ከሚያመጡልኝ አብዛኛው ይኸው ነው። ቀጥሎ ሃርድ ዲስክ። ቀጥሎ አቧራ ፋኑን አፍኖት በሙቀት እየጠፋ የሚያስቸግር። ዋስትናው መብራትንም አቧራንም ካወጣ የቀረው ምንድነው? ካርቶኑ።

ስለዚህ ስንት ወር ዋስትና ትሰጣለህ ብለህ አትጠይቅ። ሁሉም አፉን ሞልቶ ዓመት ይልሃል። «ፓወር ሰፕላይ ቢቃጠል በስንት ቀን ትቀይርልኛለህ? ዕቃው አሁን እጅህ ላይ አለ?» በለው። የሚያስበውን ሰው ታየዋለህ፣ የሚስቀውንም ታየዋለህ።

ሌላው፣ 30ውም አንድ ሞዴል ይሁኑ። ይሄን ነገር በደንብ ያዘው። አምስት ዓይነት ቀላቅሎ የሚያመጣልህ ሰው ዕቃ ሲለቃቅም ነው የከረመው። አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱ ሲሞት የእሱ ራም፣ የእሱ ፓወር ሰፕላይ፣ የእሱ ዲስክ ለሌላው ይሆናል። 30 ከምትገዛ 28 ለተማሪ፣ 2 ለመለዋወጫ አስቀምጥ። ኮሚቴው «ለምን ይቀመጣል?» ብሎ ይጮሃል። ይጩህ።


ፒያሳ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 4:15)

ሦስቱም ፕሮፎርማ ከአንድ ሰው ኪስ የወጡ እንዳይሆኑ ብቻ 😂


የጠባሴ ወላጅ (ሰኞ፣ ማታ 4:21)

እንዴት ማለት?


ፒያሳ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 4:33)

አንዱ ሻጭ የራሱን ይሰጥሃል፣ ከጓደኛው ደግሞ ውድ የሆነ አጃቢ ያመጣልሃል። ሕጉ ተሟላ፣ የሱ ርካሽ ሆኖ ታየ፣ አለቀ። ማኅተሙ ይለያያል እንጂ ጽሑፉ የሚወጣው ከአንድ ኮምፒውተር ነው። ጎን ለጎን አድርገህ የፊደል ስህተቱን እይ። ሰው ዋጋ ይቀይራል፣ ስህተቱን ግን አያርምም።


አይሲቲ መምህርት (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:40)

እኔ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ከሚውሉት ወገን ነኝ። ጋሼ፣ ኮሚቴው ውስጥ የአይሲቲ አስተማሪ አለ? ካልጠቀሱት የለም ብዬ ነው የምገምተው። ብዙ ጊዜ የለም። ዳይሬክተር፣ ሒሳብ፣ ወላጅ፣ ንብረት ክፍል ይቀመጡና ይገዛሉ። በኋላ እኔ ተጠርቼ «ተረከቢ» እባላለሁ።

ያስለቀሰኝን አንድ ነገር ልንገርዎት። በፊት የነበርኩበት ትምህርት ቤት አቅራቢው ኮምፒውተሮቹን ገጣጠመና የአድሚን ፓስወርዱን ይዞት ሄደ። ታይፒንግ ማስተማሪያ ልጫን ስል ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ስደውልለት «እመጣለሁ» ይላል። ሲመጣ የመምጫ ያስከፍላል። አንድ ሴሚስተር ሙሉ ልጆቹን ያለ ማስተማሪያ በባዶ ኖትፓድ አስተየብኳቸው። ስለዚህ ውሉ ላይ «ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ለትምህርት ቤቱ ይሰጣል» ተብሎ ይጻፍ። ቢስቁብዎትም ይጻፍ።

ዲፕ ፍሪዝ ወይም እሱን የመሰለ ነገር እንዲጭኑም ያዟቸው። ልጆች ፍላሽ ይሰካሉ፣ ቫይረሱ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት ያደርገዋል። ዲፕ ፍሪዝ ያለው ማሽን ተዘግቶ ሲከፈት እንደ ትናንቱ ሆኖ ይነሣል። የኢንተርኔት ካፌ ልጆች ድሮ የሚያውቁት ነገር ነው፣ ትምህርት ቤት ሲደርስ ግን አዲስ ይሆናል።

እና ቁልፉ። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?


ካቻቢቴ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:05)

ስለ ፓስወርዱ እህቴ ልክ ነሽ። እኛ ሰፈር «ደንበኛ ማሰሪያ» ይባላል። አፍሬ ነው የምጽፈው።


የሲልቨር ስፕሪንጉ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:50)

ከሜሪላንድ ነኝ። ለምን ገንዘብ ታወጣላችሁ? እዚህ ድርጅቶች በየጥቂት ዓመቱ ኮምፒውተር ይቀይራሉ፣ አሮጌውን በነፃ የሚሰጡ አሉ። ሰብስበን በኮንቴይነር ብንልክላችሁስ?


አርብ ገበያ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:15)

ልብህ ይባረክ፣ ግን የኛን ስማ። የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ከአሜሪካ 15 ዴስክቶፕ ላከልን። ለጉምሩክ ስንጽፍ፣ ደብዳቤ ስናጽፍ፣ መጋዘን ኪራይ ስንከፍል ስምንት ወር ሄደ። መጣ። እልል አልን። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በደስታ የመጀመሪያውን ሶኬት ላይ ሰካ። ጧ! ጭስ። «ይሄኛው በመንገድ ተጎድቶ ነው» አለና ሁለተኛውን ሰካ። ጧ!

ከኋላው ቀይ መቀያየሪያ ነበረችው። 115 ላይ ነበረች። የኛ መብራት 220 ነው። በጣት ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር። ሦስተኛው ላይ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ አየና አዳነን።

አዳዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ እሱ ችግር የለውም። ነገሬ ሌላ ነው። ስጦታ ሲበላሽ ማን ጋ ትደውላለህ?


የሲልቨር ስፕሪንጉ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:30)

እሺ ገባኝ 😅 እንግዲያው ገንዘቡን ለጥገናው እንላክ። ግን ወገን ለጥገና አዋጡ ብትለው እጁ አይፈታም። ሪባን የሚቆረጥበት ነገር ካልሆነ።


ፕላዝማ ትውልድ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00)

ይሄን ክር ሳነብ ፕላዝማው ትዝ አለኝ። 1997 ላይ 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል። የኛ ቴሌቪዥን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ነበር። ፈረንጁ እንግሊዝኛውን ያወርደዋል፣ «አሁን መልሱን ጻፉ» ይላል፣ ጥያቄውን ሳንጨርስ ያልፋል። አንድ ቀን የኛ ክፍል ምስሉ ጠፍቶ ድምፁ ብቻ ቀረ። ሪፖርት ተደረገ። እስክጨርስ ድረስ እንደዚያው ነበር። ሒሳብን በሬዲዮ ተማርኩ ማለት ነው።

በኋላም አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፕ መጣ፣ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ታብሌት ያለ አስተማሪ ለልጆች ተሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ የዓለም ወሬ ሆነ። ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት ተብሎ ተጻፈ። ማሽን እንዴት እንደመጣ ሁሌም ይጻፋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ይሠራል የሚለውን የሚጽፍ ግን አላየሁም።

ለዚህ ነው አቅራቢውን ባለፈው ወር የሸጠለትን ደንበኛ አሳየኝ አትበለው የምልህ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሸጠለትን አሳየኝ በለው። ስትሄድም ዳይሬክተሩን አትጠይቅ፣ ያሞግስልሃል። ክፍሉን የሚከፍተውን ሰው ጠይቅ። እንደ ራስህ ትምህርት ቤት አንድ በአንድ አብራና ቁጠር።


ኡቡንቱ ነኝ (ረቡዕ፣ ቀን 6:40)

ማንም ያላነሣው ነገር አለ። «ኮር አይ 5» ብቻ ከተባለ ምንም አልተባለም። የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ነው፣ ግን ስንተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)? ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ነው። አሁን ገበያውን የሞላው ርካሽ ዩዝድ 4ኛና 6ኛ ነው። ለምን እንደረከሰ አሁን ገባችሁ? ፈረንጅ የጣለው ለዚያ ነው።

መፍትሔው በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ መጫን ነው። ነፃ ነው፣ ክራክ አያስፈልገው፣ ያን ሾርትከት የሚያደርግ ቫይረስም አይነካውም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፣ ለልምምዱ ብራውዘር ይበቃል። ኮሊብሪ የሚባል የትምህርት ፕሮግራም አለላችሁ፣ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጋችሁ ትምህርቱን ያለ ኢንተርኔት ለሌሎቹ በገመድ ማዳረስ ነው።


አይሲቲ መምህርት (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:10)

ኮሊብሪውን ተስማምቻለሁ። ሊኑክሱን ግን ወንድሜ፣ መጽሐፉ «ዎርድ ክፈቱ፣ ኢንሰርት የሚለውን ተጫኑ» ሲል 55 ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር የለም!» ይለኛል። አንተ ና አስተምርልኝ።


ኡቡንቱ ነኝ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10:14)

እመጣለሁ። የመምጫ ግን አስከፍላለሁ 😁


ባለ ቴስተሩ (ሐሙስ፣ ጠዋት 2:20)

ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ሁላችሁም ስለ ኮምፒውተሩ ታወራላችሁ፣ ግድግዳውን ያየ የለም። አንድ ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 120 ዋት ይጠጣል እንበል። 30ው 3,600 ዋት ነው። ለ220 ስታካፍለው 16 አምፔር አካባቢ ይመጣል። ይሄን ሁሉ ለአምፖል በተዘረጋ መስመር ላይ፣ ዲቫይደር በዲቫይደር እየሰካችሁ ልታስነሡ ነው? እኔ ያየሁት ክፍል ውስጥ ሰባት ዲቫይደር አንዱ በአንዱ ተንጠልጥሎ ነበር። የመጀመሪያው ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ግራውንድም (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ገመድ) አልነበረም። ኬዙን ስትነካው ይነዝራል። ልጆቹ እየተሳሳቁ በተራ ይነካኩት ነበር።

ለብቻው መስመር፣ ለብቻው ብሬከር፣ ግራውንድ። ከዚያ ስታቢላይዘር። ይሄ የአቅራቢው ሥራ ነው ወይስ የትምህርት ቤቱ? ውሉ ላይ ካልተጻፈ አንዱ ሲቃጠል «መብራታችሁ ነው» ይላል፣ እናንተም «ዕቃህ ነው» ትላላችሁ፣ ጨርቅ ይለብሳል።

ባይሆን ትንንሾቹን ሚኒ ኮምፒውተሮች አስቡ። አስማሚያቸው እንደ ላፕቶፕ ነው፣ የሚጠጡት በጣም ያንሳል። ግን ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ጠረጴዛው ላይ ይታሰሩ።


የጠባሴ ወላጅ (ሐሙስ፣ ማታ 2:45)

ሰዎች፣ ጉድ ነው።

ትናንት ማታ ፕሮፎርማዎቹን ቤት ወስጄ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። አንደኛውና ሁለተኛው ላይ «ኪቦርድ» የሚለው «ኪቡርድ» ተብሏል። ሁለቱም ላይ። «ከነሙሉ አክሰሰሪው» ከሚለው በኋላ ሁለቱም ሁለት አራት ነጥብ አላቸው። አንዱ ሰማያዊ ማኅተም፣ አንዱ ወይንጠጅ። ባለቤቴ አየችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዛሬ ለኮሚቴው አሳየኋቸው። ዝም ተባለ። አንድ ሰው «የፊደል ስህተት ማንም ይሠራል» አለ። ስሙን አልጠራም። በመጨረሻ እንደገና ይሰብሰብ ተባለ፣ የትምህርት ቤታችን የአይሲቲ መምህርትም ኮሚቴው ውስጥ ትግባ ተባለ። ፒያሳ ልጅ፣ ቡና አለብኝ።


ባለ ደብተሩ (ዓርብ፣ ጠዋት 4:00)

እንኳን አወቃችሁ። እንደገና ስትሰበስቡ የዋጋውን ቀን ልብ በሉ። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ፕሮፎርማ ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን ነው የሚቆየው። ኮሚቴ ለመሰብሰብ ብቻ ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ጽፋችሁ ተስማሙ፣ ከዚያ ዋጋ በአንድ ቀን አምጡ፣ በማግስቱ ወስኑ።

ክፍያውን በተመለከተ እኔ የምመክረው 10 በመቶውን ለአንድ ዓመት መያዝ ነው። ጥገናውን ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ለይታችሁ በየሦስት ወሩ ክፈሉ። «ጥገና በነፃ» የሚባለውን አልወደውም። በነፃ የሚመጣ ሰው ሌላ ከፋይ ሲጠራው ያንተን ይተዋል። ከፍለህ ካልመጣ ግን የምትይዝበት ነገር አለህ። ደብተር ይኑራችሁ፤ ስንት ሰዓት ተደወለ፣ መቼ መጣ፣ ምን ቀየረ፣ ማን ፈረመ። ደብተር የሌለው ክርክር ምስክር የለውም።


ካቻቢቴ (ዓርብ፣ ጠዋት 4:25)

ባለ ደብተሩ ትክክል ነው። እኔም ራሴ «በነፃ» ያልኩትን ደንበኛ ስልክ ሳላነሣ የቀረሁበት ቀን አለ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ።

ወንድሜ፣ ያን በእጅ የጻፈውን የከተማህን ልጅ አትናቀው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገድ የተዘጋ ቀን ደግሞ 130ም 1,300ም አንድ ነው። ብቻ ሱቁ ሂድና መደርደሪያውን እይ። የተፈታ ፓወር ሰፕላይ፣ ራም፣ ዲስክ ተደርድሮ ካየህ ጥሩ። ካቨርና ቻርጀር ብቻ ከሆነ ሞባይል ቤት ነው።

ስትረከብም ዝም ብለህ አትፈርም። እሱ የሰጠህን ሳይሆን ከመሃል ራስህ መርጠህ ሦስት ክፈት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይነግርሃል። ዓመት ማለት 8,760 ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ «አዲስ ነው» የተባለ ዲስክ 31,000 ብሎኝ ያውቃል።


የጠባሴ ወላጅ (ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቀን 7:30)

እንደምን ሰነበታችሁ። ተገዛ።

በአዲሱ ዙር አራት መጡ። ሥራውን ያገኘው ያው የከተማችን ልጅ ነው። ርካሹ አይደለም፣ ሁለተኛው ነው። ሱቁ ሄጄ መደርደሪያውን አየሁ። የሸጠላቸው አንድ ትምህርት ቤት ድረስም ከመምህርቷ ጋር ሄድን። ከ18 ኮምፒውተር 16ቱ ተነሡ። የሁለቱን ምክንያት ከደብተር ላይ አሳዩን። እዚያው ወሰንን።

ሚኒ ኮምፒውተር ነው የወሰድነው፣ ሁሉም አንድ ሞዴል፣ 8ኛ ጄኔሬሽን። 28ቱ ጠረጴዛ ላይ ታስረዋል፣ 2ቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። መብራቱን ትምህርት ቤቱ አዲስ መስመር አዘረጋ፤ ለእሱ ወጪ ስንል ሞኒተሩን ወደ ትንሽ አወረድን። ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ነው። ልጁ በእርግጥም ሳቀ። ርክክብ ላይ ሦስት ከፈትን፣ የአንዱ ዲስክ 22,000 ሰዓት አለና መለሰው። ፊቱ ቀልቷል፣ ግን መለሰው።

የመጀመሪያው ፈተና ያለፈው ሐሙስ ነበር። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁለቱ አልነሣ አሉ። መምህርቷ 4:10 ላይ ደወለች። ዓርብ 2:30 ላይ መጣ። የአንዱን አስማሚ ቀየረ፣ ሌላውን ራሙን አውጥቶ ጠርጎ መለሰው፣ ተነሣ። ፈረመ። አሁን 28ቱም ይሠራሉ።


አይሲቲ መምህርት (እሑድ፣ ቀን 8:05)

ደስ ሲል! ጫማስ ታስወልቃላችሁ? እኛ ተማሪ እያለን በካልሲ ነበር የምንገባው። የክፍሉን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም።


የጠባሴ ወላጅ (እሑድ፣ ቀን 8:12)

አይ፣ እሱን አስቀርተናል። በር ላይ ጆንያ አንጥፈናል፣ ጠርገው ይገባሉ።


አይሲቲ መምህርት (እሑድ፣ ቀን 8:14)

የቁልፉን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።


የጠባሴ ወላጅ (እሑድ፣ ቀን 8:20)

ሁለት ነው። አንዱ ዳይሬክተሩ ጋ፣ አንዱ መምህርቷ ጋ። የእሷን ያስቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ በራሴ ገንዘብ።